የጀልባው ስንጥቅ ምን ይመሰክራል? የፋይበርግላስ ጀልባዎች አሠራርና ጥገና አጭር ታሪክ

መግቢያ

የታሪክ ተማሪ ሥራው ከብራና፣ ከደብዳቤና ከመዝገብ ጋራ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ብዙ ሰው አለ። ሆኖም ሰው በእጁ የሠራው ዕቃ ሁሉ፣ ጠያቂ ካገኘ፣ ስለ ሠሪውና ስለ ተጠቃሚው የሚናገረው ነገር አያጣም። ይህ ጽሑፍ ስለ አንድ እንደዚህ ያለ ዕቃ፣ ይኸውም ፋይበርግላስ ከሚባለው ነገር ስለሚሠራው ጀልባ፣ በተለይም በጀልባው አካል ላይ ስለሚታየው ስንጥቅ የሚናገር ነው።

ጥያቄው የመጣብኝ ከመጽሐፍ አይደለም። በአንድ የዕረፍት ጊዜ ባሕር ዳር ሄጄ ሳለሁ፣ ወደ ጣና ገዳማት ሰዎችን የሚያመላልስ አንድ የሞተር ጀልባ ከውኃ ወጥቶ በዳር ተቀምጦ አየሁ። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ሰው ሲሆኑ፣ በጀልባው የኋላ ማዕዘን በኩል ያለውን ስንጥቅ ስቱኮ ሞልተው ቀለም ይቀቡ ነበር። ይህን ሲያደርጉ ሦስተኛ ጊዜያቸው መሆኑን ነገሩኝ። «ልጄ፣ ስንገዛው ይህ ዕቃ አይበሰብስም፣ አይዝግም፣ ጥገናም አያሻውም ተብለን ነበር። ታዲያ በየዓመቱ በዚያው በአንድ ቦታ የሚሰነጠቀው ለምንድር ነው?» አሉኝ። ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለት ነው። በመጀመሪያ «አይበሰብስም፣ ጥገናም አያሻውም» የሚለው ቃል ከየት እንደ መጣና ምን ያህል እውነት እንደ ሆነ መመርመር ነው። ሁለተኛም ሰዎች ስንጥቅን ማንበብና መጠገን እንዴት እንደ ተማሩ ማሳየት ነው። ጸሐፊው የደረሰበትን አስተያየት ከወዲሁ ለመግለጥ ያህል፣ ስንጥቅ ከመሞላቱ በፊት ታሪኩ መጠየቅ አለበት፤ ታሪኩ ሳይጠየቅ የተሞላ ስንጥቅ ተመልሶ ይመጣል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. የነገሩ አጀማመር

ብርጭቆን አቅልጦ እንደ ክር መሳብ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ጥበብ ነው። ነገር ግን የብርጭቆ ክር በፋብሪካ፣ በብዛትና በርካሽ ዋጋ መሠራት የጀመረው በአሜሪካ አገር በ1930ዎቹ ዓመታት ነው። በዚህ ሥራ ስሙ በተለይ የሚነሣው ጌምስ ስሌተር የሚባለው መሐንዲስ ነው። በ1938 ሁለት የብርጭቆ ኩባንያዎች ተጣምረው ኦወንስ ኮርኒንግ ፋይበርግላስ የሚባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። ዛሬ የዕቃው መጠሪያ የሆነው «ፋይበርግላስ» የሚለው ቃል በመጀመሪያ የንግድ ስም ነበረ።

የብርጭቆ ክር ግን ብቻውን ጀልባ አይሆንም፤ የሚያያይዘው ሙጫ ያስፈልገዋል። በዚሁ በ1930ዎቹ ውስጥ ካርልተን ኤሊስ የተባለው አሜሪካዊ ኬሚስት ፖሊስተር ሬዚን ስለሚባለው ሰው ሠራሽ ሙጫ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ይህ ሙጫ በፈሳሽነቱ ሳለ ጨርቅ ያርሳል፤ ማጠንከሪያ ሲጨመርበት ደግሞ ይጠነክርና ዳግመኛ አይቀልጥም።

ሁለቱ ነገሮች በሰፊው የተጋቡት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። አውሮፕላኖች ራዳር መያዝ ሲጀምሩ፣ ራዳሩን ከነፋስ የሚከልል፣ ሞገዱን ግን የማያግድ ቆብ አስፈለገ። ብረት ሞገዱን ስለሚያግድ፣ የብርጭቆ ጨርቅና ሬዚን ለዚህ ሥራ ተመረጡ። በ1942 ሬይ ግሪን የተባለ ሰው በኦሃዮ ክፍለ አገር በቶሊዶ ከተማ ከዚሁ ነገር አንዲት ትንሽ የሸራ ጀልባ ሠራ፤ ከመጀመሪያዎቹ የፋይበርግላስ ጀልባዎች አንዷ ይህች ናት።

ከጦርነቱ በኋላ በ1946 የአሜሪካ ባሕር ኃይል 28 ጫማ ርዝመት ያላቸው የሰው ማመላለሻ ጀልባዎች ከዚህ ነገር እንዲሠሩለት ሁለት ውል ሰጠ። አንደኛው ተዋዋይ፣ ዊነር የሚባለው ኩባንያ፣ ንብርብሩን በከረጢት ተጭኖ የማጠንከር ዘዴ ተጠቀመ። ሁለተኛው ማርኮ ኬሚካል ደግሞ ሬዚኑን በግፊት ወደ ቅርጹ ውስጥ የማስገባት ዘዴ ሞከረ። ባሕር ኃይሉን ወደዚህ የመራው ምክንያት ግልጥ ነው። የእንጨት ጀልባ በመርከብ ላይ ደርቆ ሲቀመጥ መጋጠሚያው ይከፈታል፤ በውኃ ላይ ሲቆይ ይበሰብሳል፤ በሞቃት ባሕር ደግሞ የባሕር ትል ይበላዋል። መጋጠሚያ የሌለው፣ የማይበሰብስና ትል የማይበላው ጀልባ ቢገኝ የጥገናው ወጪ ሊቀንስ ነው።

ነገሩ ከጦር ሠራዊት ወደ ሕዝብ ለመድረስ ብዙ ጊዜ አልወሰደበትም። በ1956 ፊሊፕ ሮድስ የነደፈው ባውንቲ ሁለተኛ የሚባለው 40 ጫማ ያህል የሆነ የሸራ ጀልባ በካሊፎርኒያ በሳውሳሊቶ መሠራት ጀመረ። በ1959 ደግሞ የፒርሰን ቤተ ዘመዶች ትራይተን የተባለውን፣ ካርል አልበርግ የነደፈውን የ28 ጫማ ጀልባ በኒው ዮርክ የጀልባ ትርኢት አቀረቡ፤ ከዚህ ዓይነት ብቻ ከ700 በላይ ተሠራ። ቀድሞ አንዱን ጀልባ ለመሥራት የእንጨትን ጠባይ የሚያውቅ የሠለጠነ አናጢ ያስፈልግ ነበር። አሁን ግን አንድ ቅርጽ ከወጣ በኋላ ከዚያው ቅርጽ በመቶ የሚቆጠሩ ጀልባዎች እንደ ጡብ መጣል ተቻለ። «ጥገና አያሻውም» የሚለው ቃል የተስፋፋውም በዚህ ዘመን ነው። ገዢው ሕዝብ የእንጨት ጀልባ በየዓመቱ መፋቅ፣ መወተፍና መቀባት ስለ ሰለቸው ቃሉን በደስታ ተቀበለው።

2. ጀልባው የተሠራበት ነገር

ወደ ስንጥቁ ከመድረሳችን በፊት የጀልባው ሥጋ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ለእኛ አገር ሰው ይህን ማስረዳት ቀላል ነው፤ የጭቃ ቤት ያላየ የለምና። ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይነቃል፤ ጭድ ብቻውን ግድግዳ አይሆንም። ጭድ ከጭቃ ጋራ ሲቦካ ግን ጭዱ ጭቃውን ይይዘዋል፣ ጭቃውም ጭዱን በቦታው ያቆመዋል። በፋይበርግላስ ውስጥ ጭዱ የብርጭቆው ክር ነው፤ ጭቃው ሬዚኑ ነው።

የብርጭቆው ክር በልዩ ልዩ መልክ ይገኛል። አንዱ ተቆራርጦ በየአቅጣጫው የተበተነ ምንጣፍ መሰል ሲሆን፣ ሌላው እንደ ሸማ የተሸመነ ጨርቅ ነው። ሠራተኛው በቅርጹ ውስጥ አንዱን በአንዱ ላይ እያነጠፈ በሬዚን ያርሰዋል፤ አየሩንም በመንከባለያ ያስወጣል። ብርጭቆው ከበዛ ጥንካሬው ይበዛል፤ ሬዚኑ ከበዛ ግን ጀልባው ከባድና ተሰባሪ ይሆናል።

በውጭ በኩል ጄልኮት የሚባል ባለ ቀለም ሽፋን አለ። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ሲሆን በውስጡ የብርጭቆ ክር የለበትም። ይህ በጭቃ ቤታችን ከምርጊቱ በላይ የሚቀባውን ቀጭን ልስን ይመስላል። ልስኑ ቤቱን ያሳምራል እንጂ አያቆመውም፤ ጭድ ስለሌለውም ከግድግዳው ቀድሞ ይነቃል። ስለዚህ በጀልባ ላይ የሚታይ ስንጥቅ ሁሉ አንድ አይደለም። ልስኑ ብቻ የነቃበት አለ፤ ግድግዳው ራሱ የተሰነጠቀበት አለ። ከውጭ ለሚያይ ሰው ግን ሁለቱ ብዙ ጊዜ አንድ መስለው ይታያሉ። የጥገና ጥበብ ሁሉ የሚጀምረው እነዚህን ሁለቱን ከመለየት ነው።

3. የአንዲት ጀልባ ምስክርነት

«አይበሰብስም» የሚለው ቃል እውነት ነበረን? ለዚህ ጥያቄ ከሻጭ ቃል የተሻለ ምስክር አለ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ ክፍል 40 ጫማ ርዝመትና 11 ጫማ ወርድ ያላቸው የጥበቃ ጀልባዎችን ከፋይበርግላስ አሠርቶ ነበር። እያንዳንዱ 21,000 ፓውንድ ይመዝን ነበር፤ ሁለት ባለ 250 የፈረስ ጉልበት የናፍጣ ሞተሮችም ነበሩት። ሠሪዎቹ ነገሩ አዲስ ስለ ሆነባቸው በጣም ጠንቅቀው የታችኛውን ክፍል ሦስት አራተኛ ኢንች (19 ሚሊሜትር ያህል)፣ ጎኑን ደግሞ ሦስት ስምንተኛ ኢንች (9 ሚሊሜትር ተኩል ያህል) አድርገው አወፈሩት፤ በውስጥም የአሉሚኒየም ጎድን አቆሙለት።

በ1962፣ ከ10 ዓመት አገልግሎት በኋላ፣ የጠረፍ ጠባቂው ክፍልና የፋይበርግላሱ ኩባንያ ከሦስት ጀልባዎች አካል ቁራጭ እያወጡ መረመሩ። ከእነዚህ አንዷ ቁጥሯ 40503 የሆነው ጀልባ ነበረች። ከተመረመሩት ቢያንስ አንዱ የሰልፈሪክ አሲድ በሚፈስበት እጅግ በቆሸሸ የመርከብ መተላለፊያ ውስጥ ያገለገለና በእሳት ማጥፋት ሥራ ብርቱ ሙቀት ያገኘው ነበር። ቁራጮቹ ተሰንጥቀው ሲታዩ ግን ውኃም ሆነ ኬሚካል ወደ ንብርብሩ አልገባም። በ1972 ከዚችው ከ40503 እንደገና ቁራጭ ወጣ። ጥንካሬዋ ከ10 ዓመት በፊት ከተለካው ጋራ የተቀራረበ ሆኖ ተገኘ።

ይህ ለታሪክ ጸሐፊ ከባድ ማስረጃ ነው። ዕቃው ራሱ በ20 ዓመት ውስጥ በእርጅና እንዳልተዳከመ ያሳያል። ስለዚህ «አይበሰብስም» የሚለው የቃሉ የመጀመሪያ ክፍል በዚች ጀልባ ላይ ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፤ ይህች ጀልባ 19 ሚሊሜትር ውፍረት የነበራት፣ ጎድን የተደረገላትና በጥንቃቄ የተሠራች ናት። የእርሷን ምስክርነት በችኮላና በቁጠባ ለተሠራ ጀልባ ሁሉ ማድረግ አይቻልም። ሻጮች የሳቱት፣ ወይም ሊናገሩ ያልወደዱት፣ ይህን ነው።

4. ታዲያ የሚሰነጠቀው ለምንድር ነው?

ፋይበርግላስ ብርቱ ነው፤ ግትር ግን አይደለም። በተለመደው የእጅ አሠራር የተሠራው ንብርብር ከብረት ጋራ ሲወዳደር ግትርነቱ ከ20 እጅ በላይ ያነሰ ነው። ስለዚህ በቂ ውፍረት ወይም ድጋፍ ከሌለው ማዕበል በገፋው ቁጥር ይለምጣል። መለመጡ ብቻውን ጉዳት አይደለም፤ ሸምበቆም ይለምጣል። ጉዳቱ የሚመጣው የሚለምጠው ክፍል የማይለምጥ ነገር ሲያገኝ ነው። በውስጥ የቆመ ግድግዳ፣ የወለል ጫፍ፣ የሞተር ማሰሪያ፣ የብሎን ጥብቀት፣ ሹል ማዕዘን፣ እነዚህ ሁሉ የጀልባውን ልምጠት በአንድ መስመር ላይ ያስቆሙታል። በጉልበት የታጠፈ ስስ እንጨት በመታጠፊያው እንደሚሰበር፣ ንብርብሩም በዚያ መስመር ላይ ይደክማል።

ሠሪዎች የዕቃውን ብርታት እየተማመኑ በሄዱ ቁጥር ጀልባዎቹ እየሳሱ መጡ። ሬዚን ከነዳጅ ዘይት የሚገኝ ስለ ሆነ በ1973 የዘይት ዋጋ ሲንር ውፍረት ራሱ ውድ ነገር ሆነ። በዚያው በ1973 ግን እንግሊዞች ዊልተን የምትባለውን 153 ጫማ ርዝመት ያላትን የፈንጂ ማጽጃ መርከብ ለአገልግሎት አበቁ፤ ይህች በዓለም የመጀመሪያዋ የፋይበርግላስ የጦር መርከብ ናት። ይህም የሚያሳየው ዕቃው በሚገባ ከተሠራ ለትልቅ መርከብም እንደሚበቃ ነው። ልዩነቱ በዕቃው ሳይሆን በአሠራሩ ነው ማለት ነው።

ከዚህም በቀር ከብዙ ዓመት በኋላ ማንም ያልጠበቀው ሌላ በሽታ ታየ። በውኃ ውስጥ በሚቆየው የጀልባ አካል ላይ ውኃ የቋጠሩ ትንንሽ እብጠቶች ይወጡ ጀመር። የሮድ አይላንድ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ቶማስ ሮኬትና ቪንሰንት ሮዝ ለጠረፍ ጠባቂው ክፍል ባደረጉት በ1987 በወጣው ጥናት ምክንያቱን አስረዱ። ጄልኮት ውኃ ፈጽሞ አያሳልፍም የሚባለው እውነት አይደለም፤ ውኃው በዝግታ ያልፋል። በንብርብሩ ውስጥ በውኃ የሚሟሟ ትርፍ ነገር ካገኘ ያሟሟዋል፤ የተሟሟው ነገር ደግሞ ተጨማሪ ውኃ ወደ ራሱ ስለሚስብ ግፊት ይፈጠርና ልስኑን ያሳብጣል። እዚህም ላይ ጥፋቱ የተዘራው ጀልባው በተሠራበት ቀን ነው፤ የታየው ግን ከዓመታት በኋላ ነው።

5. ስንጥቅን ማንበብ

ጠጋኞች በነዚህ ሁሉ ዓመታት ያከማቹት እውቀት በአብዛኛው ከመጽሐፍ ያልመጣ የዓይን፣ የጆሮና የእጅ እውቀት ነው። ጸሐፊው በሚከተለው ሁኔታ ሊመድበው ሞክሯል።

የመጀመሪያው የስንጥቁ መልክ ነው። ከአንድ ነጥብ ተነሥተው እንደ ኮከብ ጨረር የሚበተኑ ስንጥቆች በዚያ ነጥብ ላይ ምት እንደ ነበረ ይመሰክራሉ፤ ምቱም ከውጭ ብቻ ሳይሆን ከውስጥ ሊሆን ይችላል። ከመጠን በላይ የተጠበቀ ብሎንም ይህንኑ ምልክት ይተዋል። ጎን ለጎን የሚሄዱ ቀጥ ያሉ ስንጥቆች ልምጠትን ያመለክታሉ፤ ከበስተኋላቸው ግትር ነገር ይፈለግ። በሹል ማዕዘን ላይ የሚታዩት የጉልበት መከማቸት ምልክት ናቸው። እንደ ደረቀ ኩሬ ጭቃ በየአቅጣጫው የተነቃቃው ገጽ ግን ብዙውን ጊዜ የልስኑ ብቻ ሕመም ነው፤ ጄልኮቱ ከመጠን በላይ ወፍሮ ተቀብቷል፣ ወይም በፀሐይና በዘመን ብዛት ደርቋል።

ሁለተኛው ድምፅ ነው። በገበያ እንስራ የምትገዛ ሴት ገንዘቧን ከመክፈሏ በፊት በጣቷ አንኳኩታ ታዳምጣለች፤ ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተሰነጠቀው ያፈነዋል። የጀልባ መርማሪም በትንሽ መዶሻ ወይም በሳንቲም ጀልባውን እያንኳኳ ይሄዳል። ድምፁ ከጥርት ወደ ድፍን ሲለወጥ ንብርብሩ እርስ በርሱ እንደ ተላቀቀ፣ ወይም በውስጡ ያለው እንጨት እንደ ራሰ ይጠረጥራል። የሚለወጥበትንም ወሰን በጠመኔ ያሰምራል።

ሦስተኛው ጥልቀት ነው። ስንጥቁ ባለበት ጄልኮቱ ጥቂት ሲፋቅ ስንጥቁ ከጠፋና ከሥሩ ያለው ንብርብር ንጹሕ ከሆነ ጉዳቱ የልስን ነው። ስንጥቁ ወደ ንብርብሩ ከዘለቀ፣ ወይም ብርጭቆው ነጣ ብሎ ከታየ፣ ሬዚኑ ክሩን ለቆታል ማለት ነውና ጉዳቱ የግድግዳው ነው። በውስጥ በኩልም አንጻሩን ማየት ያስፈልጋል፤ በሁለቱም ገጽ የታየ ስንጥቅ ቀላል አይደለም። ጀልባው ከውኃ ከወጣ በኋላ ከስንጥቁ ውኃ ሲያነባ መገኘቱም እንዲሁ ነው።

አራተኛውና የሚበልጠው ጥያቄ ግን ዕቃውን በማየት ብቻ የሚመለስ አይደለም። ስንጥቁ መቼ ጀመረ? ከዚያ በፊት ምን ተለወጠ? ጀልባው ድንጋይ ነክቶ ነበርን? አዲስ ነገር ተጨምሮበታልን? እዚህ ላይ ጠጋኙና ታሪክ ጸሐፊው አንድ ሥራ ይሠራሉ።

6. የጥገናው ሥርዓት

ጉዳቱ የልስን ብቻ ከሆነ ጥገናው ቀላል ነው። ስንጥቁ በስለት ጫፍ እንደ ቦይ ይከፈታል፤ ሳይከፈት ላዩን የተቀባ ጄልኮት በጠባቡ ስንጥቅ ውስጥ አይገባምና። ከተጸዳ በኋላ በጄልኮት ይሞላል። ተራ ፖሊስተር አየር ሲያገኘው ላዩ ሙጫ ሙጫ እንዳለ ስለሚቀር በስስ ፕላስቲክ ይሸፈናል፣ ወይም ሰም ይጨመርበታል። ሲጠነክር በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል።

ጉዳቱ የግድግዳው ከሆነ ግን ሥራው ሌላ ነው። በመጀመሪያ ገጹ በአሴቶን ወይም በመሰል ፈሳሽ ይታጠባል፤ ሰምና ቅባት ሳይወገድ መፋቅ ከተጀመረ ሰሙ ወደ ውስጥ ይገባና አዲሱ አልያዝ ይላል። ከዚያ የደከመው ሁሉ ጤነኛው ንብርብር እስኪገኝ ድረስ ይፋቃል። የጉድጓዱ ጠርዝ ቀጥ ብሎ አይቆረጥም፤ ለእያንዳንዱ 1 ሚሊሜትር ውፍረት ወደ 12 ሚሊሜትር በሚሆን ተዳፋት እየሳሳ ይወርዳል። ውፍረቱ 10 ሚሊሜትር የሆነ አካል ቢበሳ፣ በቀዳዳው ዙሪያ ሁሉ 12 ሴንቲሜትር ይፋቃል ማለት ነው። ትንሽ ስንጥቅ ይህን ያህል መከፈቱ ለባለቤቱ ያስደነግጣል። ነገር ግን አዲሱ ከአሮጌው ጋራ የሚያዘው በሙጫ ብቻ ስለ ሆነ፣ የሚያያዝበት ገጽ ሰፊ መሆን አለበት።

ከዚህ በኋላ መድረቅ አለበት። የጣና ሰዎች የደንገል ታንኳቸውን ከውኃ አውጥተው በፀሐይ የሚያደርቁት፣ የራሰ ደንገል እንደሚከብድና እንደሚበሰብስ ስለሚያውቁ ነው። በፋይበርግላስም ሥራ የራሰ ንብርብር ሬዚን አይቀበልም። ቸኩሎ የሚጠግን ሰው ውኃውን ከነበሽታው ዘግቶበታል።

ቀጥሎ የብርጭቆው ጨርቅ በልክ እየተቆረጠና በሬዚን እየራሰ ይነጠፋል። ትልቁ ቁራጭ አስቀድሞ ይነጠፍ ወይስ ትንሹ በሚለው ጠጋኞች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። በሬዚኑ ምርጫ ግን ታሪክ ትምህርት ሰጥቷል። ፖሊስተር ገና ሙሉ በሙሉ ባልደረቀ ፖሊስተር ላይ ሲነጠፍ በኬሚካል ይዋሐዳል፤ ከዓመታት በፊት በደረቀ አሮጌ አካል ላይ ግን በመጣበቅ ብቻ ይይዛል። ኤፖክሲ የሚባለው ሌላው ሬዚን፣ በስዊሱ ፒየር ካስታንና በአሜሪካዊው ሲልቫን ግሪንሊ ሥራ የታወቀው፣ በአሮጌ ገጽ ላይ ከፖሊስተር ይበልጥ ይጣበቃል። ዋጋው ቢወደድም ለብርቱ ጥገና የሚመረጠው ስለዚህ ነው።

ይህ ሥራ የሰውንም ጤና የሚነካ ነው። የሚፋቀው አቧራ ብርጭቆ ስለ ሆነ አፍና አፍንጫን ሳይሸፍኑ መሥራት ጉዳት አለው። ለፖሊስተር የሚጨመረው ፐርኦክሳይድ የተባለው ማጠንከሪያና ኮባልት የተባለው አፋጣኝም በቀጥታ ቢገናኙ ሊፈነዱ ስለሚችሉ፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ከሬዚኑ ጋራ መደባለቅ አለባቸው።

7. ያልተነበበ ስንጥቅ ዋጋ

ይህ ሁሉ የአናጢዎች ጉዳይ ብቻ መስሎ ለሚታየው አንባቢ አንድ የቅርብ ጊዜ ታሪክ እጠቅሳለሁ። በግንቦት 2014 ቺኪ ራፊኪ የምትባል አንዲት የእንግሊዝ የሸራ ጀልባ ከካሪብ ደሴቶች ወደ እንግሊዝ አገር ስትመለስ በአትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል የታችኛው የሚዛን ክብደቷ፣ ይኸውም ኪል የሚባለው፣ ተላቀቀና ተገለበጠች፤ አራቱም መርከበኞቿ ጠፉ። የጀልባዋ አካል ተገልብጦ ሲንሳፈፍ ተገኘ፤ ሰዎቹ ግን አልተገኙም።

የእንግሊዝ የባሕር አደጋ መርማሪ ክፍል በ2015 ባወጣው ዘገባ፣ ጀልባዋ ከዚያ በፊት መሬት በመንካቷና ከዚያም በተደረገላት ጥገና ምክንያት ኪሉ የተያዘበት መዋቅር ደክሞ ሊሆን እንደሚችል ገለጠ። በዚህ ዓይነት ጀልባ ውስጥ ብርታት የሚሰጠው የውስጥ መዋቅር ለብቻው ተሠርቶ ከአካሉ ጋራ በሙጫ የሚጣበቅ ነው። ሙጫው ሲላቀቅ ከውጭ የሚታየው ነገር እጅግ ጥቂት ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ምንም አይታይም። በ1952 የተሠራው ወፍራም ጀልባ ስሕተትን ይታገሥ ነበር። ቀላልና ፈጣን ሆኖ የተሠራው ጀልባ ግን ከመርማሪው የበለጠ ትጋት ይጠይቃል።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከተው፣ «ጥገና አያሻውም» የሚለው ቃል ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ምኞት ነበር። ዕቃው አይበሰብስም፤ የሚሠራበት ሰው ግን ይቸኩላል፣ ይቆጥባል፣ ይረሳል። ስንጥቁም የዚህ ሰው መዝገብ ነው።

ይህን ጥናት ከጨረስሁ በኋላ ወደ ባሕር ዳር ተመልሼ እኒያን ሽማግሌ አገኘኋቸው። በዚህ ጊዜ ስለ ስቱኮው ሳይሆን ስለ ጀልባው ታሪክ ጠየቅኋቸው። «ጋሼ፣ ስንጥቁ በመጀመሪያ የታየው መቼ ነበር?» ስላቸው ጥቂት አሰቡና፣ «አሮጌውን ሞተር አውጥተን ትልቁን ባሰርን በዓመቱ» አሉኝ። ያን ጊዜ ሁለታችንም ወደ ኋለኛው ማዕዘን ተመለከትን። ሞተሩ የታሰረበት የኋላ ግድግዳ ለትንሹ ሞተር የተሠራ ነበር። አዲሱ ሞተር በገፋ ቁጥር ግድግዳው ይለምጣል፤ ማዕዘኑ ግን አይለምጥም። በመዶሻ እጀታ ስናንኳኳው ከማዕዘኑ እስከ ብሎኖቹ ድረስ ድፍን ድምፅ ሰጠ። ከውስጥ በኩል በትንሽ መብሻ ሲበሱት የወጣው የእንጨት ብናኝ ርጥብና ጥቁር ነበር፤ ውኃው በብሎኑ ቀዳዳና በስንጥቁ ሲገባ ኖሯል።

ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። የበዓል ጊዜ ቀርቦ ስለ ነበር ወደ ገዳማቱ የሚሻገረው ሰው ብዙ ነበር፤ ገቢያቸውም ያው ነው። በመጨረሻ ጀልባው እስኪደርቅና የኋላው ግድግዳ እንደ ገና እስኪሠራ ድረስ ከውኃ እንዳይገባ ለልጃቸው ነገሩት። «ሦስት ጊዜ የሸፈንሁት ቀዳዳ አልነበረም ለካ» አሉ። የታሪክ ተማሪ ጥያቄ ለሕይወት ይጠቅማል ወይ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው፣ ጸሐፊው ከዚህ የተሻለ መልስ የለውም።